ጋሼ አትቸኩል የመረጠው ማዘርቦርድ

ሟቹ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በጎኑ ተጋድሞ ነበር። ቀኝ እጁ ከግድግዳው የብረት መደርደሪያ አጠገብ ተዘርግቷል፤ የግራ እጁ አንጓ ላይ ቡናማ የቆዳ ማሰሪያ እንደታሰረ ነው። ከማሰሪያው የወጣው ሽቦ ወደ ጠረጴዛው ሽቅብ ዘልቆ ለኮምፒውተር ኤሌክትሪክ ከሚያድል ፓወር ሰፕላይ የብረት ሽፋን ጋር በመቆንጠጫ ተያይዟል። ጠረጴዛው ላይ የኮምፒውተር ዋና ሰሌዳ የሆኑ ሦስት ማዘርቦርዶች፣ የኮምፒውተር ማቀፊያ የሆነ አንድ ባዶ ኬዝና አፉ የተከፈተ የብሎን ቆርቆሮ ይታያሉ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሦስቱንም ማዘርቦርዶች እኩል ታበራቸዋለች። የሚነካቸው ግን የለም።

በሰፈሩ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። የቀረው ሁሉ «ጋሼ አትቸኩል» ነበር የሚለው። ኮምፒውተር ሊያስገጣጥም መጥቶ «መቼ ይደርሳል?» ያለው ደንበኛ ሁሉ ይቺኑ አንዲት ቃል ስለሚሰማ ነው። ማንኛውንም ማዘርቦርድ ካርቶኑ ላይ አስተኝቶ ለቀናት ሳያሠራ፣ በጣቱ እየዳሰሰ ሙቀቱን ሳይለካ፣ ኬዝ ውስጥ አያስገባም። ደንበኛው ይናደዳል፣ ይሳደባል፣ ሌላ ሱቅ እሄዳለሁ ይላል። የሄደውም ከጊዜ በኋላ የተበላሸ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ወደሱው ይመለሳል።

መርማሪዋ ወለሉ ላይ በርከክ ብላ ማሰሪያውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ፀጉሯ የሸበተ፣ ጉልበቷ ሲታጠፍ የሚንቋቋ፣ ጣቢያው ውስጥ «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት ሴት ናት። ስሙ በሐሜት የወጣ ነው፤ እሷ ግን ሰምታዋለች፤ እንዲያውም ሳትወደው አልቀረችም።

«ኤሌክትሪክ ነው» አለ ሐኪሙ። «ግራ አንጓው ዙሪያውን ተቃጥሏል፤ ቀኝ መዳፉም እንዲሁ። በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። መሐል ላይ ያለው ልብ ነው።»

«ቀኝ እጁ ለምን ተቃጠለ?»

የመለሰላት የፖሊስ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ነበር። «መደርደሪያው ከውሃ ቧንቧው ጋር ታስሯል፤ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት ያወርዳል። አንድ ነገር ሊያወርድ ያዘው መሰለኝ። ቤቱ የድሮ ስለሆነ ሶኬቶቹ የፈሰሰ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ የምድር ሽቦ የላቸውም። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ አንድ ሽቦ ላልቶ ሽፋኑን ነክቷል፤ ሽፋኑ ኤሌክትሪክ ሆኗል። እንዲያም ሆኖ መሞት አልነበረበትም።»

«ለምን?»

«ይህ ማሰሪያ የሰውነታችን ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው የሚታሰር ነው። ሽቦው መሐል ሁልጊዜ አንዲት ሬዚስተር አለች፤ የጥራጥሬ ፍሬ ታህላለች። ከባድ ኤሌክትሪክ ከመጣ ወደ ሰውየው አታሳልፍም። እዚህ የለችም። ተቆርጣ ወጥታለች።» ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህን የሚያውቅ ደግሞ የሙያው ሰው ብቻ ነው፣ እመቤቴ።»

የጣቢያው አለቃ ይህን ሲሰማ ነገሩ አለቀለት። የሙያው ሰው ማለት የሟቹ ሸሪክ ነው፤ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቁ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። አለቃው በሥራ ዘመኑ ሁሉ ከምሳ በፊት የተዘጋ ፋይል የሚወድ ሰው ነው።

ሸሪኩ በፊት ለፊቱ ሱቅ፣ በመስታወት መደርደሪያዎቹ መካከል ተቀምጦ ነበር። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው ነው።

«ከጀርባ የመውደቅ ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ወድቋል። ቆጣሪውን አጠፋሁ። ከዚያ ምን ላድርግ? ጮህኩ።»

«ትጨቃጨቁ ነበር ይባላል።»

«ስለ ማዘርቦርድ ነው! ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እሱ ማዘርቦርድ ያስታምማል። እኔ አዲስ ዓይነት አስመጣሁ፣ መብራት ያለው፣ ወጣቱ የሚወደው። ‹ግማሹ ተመልሷል› ብሎ መስኮት ላይ እንዳይታይ ከለከለኝ። ሰው በራሱ ሱቅ እንዲህ ይደረጋል?»

«ዛሬ የሚገጣጥመው ለማን ነበር?»

የሸሪኩ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈ። «ለታናሽ ወንድሙ። ጠዋት ጋሼ ራሱ መጥቶ ‹ዛሬ እጨርሰዋለሁ፣ ፓወር ሰፕላይ አምጣልኝ› አለኝ። ከመጋዘን አውጥቼ ሰጠሁት። አዲስ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ።» ከዚያ ቶሎ ብሎ ጨመረ፤ «እኔን ከምትጠይቂ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባለቪዲዮ ጠይቂው። ባለፈው እዚህ መሐል ቆሞ ‹አንድ ቀን እገድላችኋለሁ› ብሎናል። ሰው ሁሉ ሰምቶታል።»

መርማሪዋ አመሰገነችው። ስትወጣ መጋዘኑን ማን እንደሚይዝ ጠየቀችው። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አሳያት።

የሟቹ ሚስት ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። እንዲህ ያለ ሰው ከሚያለቅሰው ይልቅ ያሳዝናል፤ ሐዘኑ ገና አልደረሰባትምና።

«ጠዋት ተጣልተን ነው የወጣው» አለች ሳትጠየቅ። «‹ለሰው ሁሉ አትቸኩል ትላለህ፤ ለኔ አንድ ቀን ቸኩለህልኝ ታውቃለህ?› አልኩት። ዝም ብሎ ወጣ። ሁልጊዜ እንደሱ ነው። ማታ ተመልሶ ሲመጣ ‹ይቅርታ› ይለኛል፤ ያልቃል።» ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ዛሬ ማታ የለውም።»

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። «ስለ ወንድሙ ንገሪኝ፣ እህቴ።»

«ዋርሳዬ ቦርሳ ሠሪ ነው፤ እጀ ወርቅ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰና ቋንቋው ሁሉ ጠፋበት። የምንለውን ይሰማል፣ ይገባዋል። መናገር የለም፤ መጻፍም የለም፤ ፊደል ሲያይ እንደ ባዕድ ነገር ነው የሚያየው። እሺና እምቢ እንኳ ይምታታበታል፤ አዎ ሊል ራሱን ይወዘውዛል። ባሌ ኮምፒውተር ላይ ሥዕል በሥዕል አደረገለት። ሥዕሉን ሲነካ ቃሉ ይሰማል። ቃሉን ሁሉ የቀዳው ደግሞ ባሌ ነው፣ በራሱ ድምፅ። ማታ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ‹ውሃ›፣ ‹መርፌ›፣ ‹ደክሞኛል› ሲል ትሰሚዋለሽ። ‹ሞት› የሚለውን አልቀዳውም አለ። ‹ምን ያደርግለታል?› አለኝ።»

«አዲስ ኮምፒውተር ለምን አስፈለገ?»

«አሮጌው ነዋ! መሐል ላይ ስታክ ያደርጋል። ዋርሳዬ አንድ ነገር ጀምሮ ሳይጨርስ ይቀራል። ባሌ ይህን ማየት አልቻለም። ሸሪኩ ‹ፈጣኑን ውሰድለት› ሲለው፣ ‹ፍጥነት አልፈለግሁም፤ ወንድሜ እያወራ መሐል ላይ የማይዘጋበት ነው የምፈልገው› አለው። ‹አንተ የተሸጠውን ትቆጥራለህ፤ እኔ የተመለሰውን ነው የምቆጥረው› ይለው ነበር። ሸጦት ተመልሶ የማያውቅ ማዘርቦርድ ነበር የሚፈልገው።»

ታናሽ ወንድሙ ክፍሉ ውስጥ፣ ቆዳ በተከመረበት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ነበር። ግድግዳው ላይ ሦስት ቦርሳዎች ተሰቅለዋል። መርማሪዋን ሲያይ ብድግ አለና እጇን ይዞ ወደ ኮምፒውተሩ ሳባት። ሥዕሎቹ መጡ። ጣቱን አንዱ ላይ አደረገ።

«እኔ» አለ የሟቹ ድምፅ።

ሚስትየው በር ላይ ቆማ ነበር። ድምፁን ስትሰማ መቃኑን ያዘች።

ጣቱ ሌላ ሥዕል ነካ። «ለወንድሜ።» ሦስተኛውን ሲነካ ግን ምንም አልተሰማም። ሥዕሎቹ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ደጋግሞ ነካ። ምንም የለም። ከዚያ በቀኝ እጁ የግራ እጁን አንጓ ይመታ ጀመር፤ አንጓው ከዚያ በፊትም ሲመታ እንደቆየ ቀልቷል። አፉ ተከፍቶ ድምፅ ሳይወጣው እንባው ብቻ ወረደ።

«ከረፋዱ ጀምሮ እንዲህ ነው» አለች ሚስትየው። «ይጀምራል፣ ስታክ ያደርግበታል፣ ራሱን ይመታል። ሐዘን ነው።»

መርማሪዋ የተሰቀሉትን ቦርሳዎች እያየች ነበር። ስፌታቸው በሰም በተቀባ ክር፣ በሁለት መርፌ ከሁለት ወገን የተሰፋ ነው፤ ጠርዛቸው ሁሉ እስኪያብረቀርቅ ታሽቷል። የሰውየውን ሁለት እጆች ይዛ ከመምታት አስቆመችው። «የጀመርከውን ትጨርሰዋለህ፣ ወንድሜ» አለችው። «ሳትጨርስ ማንንም አልወስድም።»

ባለቪዲዮው ከመንገዱ ማዶ የሠርግና የልደት ፊልም የሚያቀናብር ጎረምሳ ነው። መርማሪዋ ስትገባ ሳትጠይቀው ተናዘዘ።

«ብያለሁ! ‹እገድላችኋለሁ› ብያለሁ፣ አልክድም። የሸጡልኝ ፓወር ሰፕላይ ነክሶኝ ነበር። ስነካው እጄን እስከ ክርኔ አደነዘዘው። ከእጄ ወድቆ ጥጉ ተጨረመተ። ተሸክሜው ሄጄ ጮህኩ። ጋሼ አትቸኩል ተቆጣኝ? አልተቆጣኝም። ይቅርታ ጠይቆ ሌላ ሰጠኝ። ያንን በቀይ ፕላስተር ጠመጠመው። የነከሰ ዕቃ ሁሉ ቀይ ይለጠፍበታል፤ ቀይ ያለበትን ደግሞ በዚያ ቤት ማንም አይነካም። ሕጉ ነው።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «በዚያ ቀን የተናገርኩትን ይቅር በለኝ ልለው ነበር። ነገ ዛሬ ስል ቀረ።»

«ኮምፒውተር መገጣጠም ትችላለህ?»

«እሱ ያሳየኝን ያህል።»

«በቃኝ። ተነሥ እንሂድ።»

አለቃው በስልክ ሸሪኩን አምጪልኝ ይል ነበር። ወይዘሮ ለምን ግን በሟቹ የሥራ ጠረጴዛ ፊት ቆማ ሦስቱን ማዘርቦርዶች ታያለች። የመጀመሪያው ሰፊና የሚያምር ነው፤ ጠርዙን ሁሉ መብራት ዞሮታል። ሁለተኛው በመጠን ይስተካከለዋል፤ የብረት ማቀዝቀዣው ግን ከፍ ያለ ነው። ሦስተኛው ትንሽ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ዓይን የማይስብ ነው። ኬዙ አጠገብ ነው፤ ባዶ።

«የትኛውን እንደመረጠ ማን ያውቃል?» አለ ባለቪዲዮው። «እሱ ራሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«ነግሮናል እኮ። ኬዙን ተመልከት።»

ጎረምሳው ጎንበስ አለ። የኬዙ ወለል ላይ ትናንሽ የነሐስ እግሮች ተተክለዋል፤ ማዘርቦርድ ብረቱን እንዳይነካ የሚቀመጥባቸው ናቸው። መርማሪዋ ሰፊውን አንሥታ አስቀመጠችው፤ ቀዳዳዎቹ ከእግሮቹ ጋር አልገጠሙም። ሁለተኛውም አልገጠመ። ትንሹን ስታስቀምጠው ቀዳዳዎቹ ሁሉ እግር እግራቸው ላይ አረፉ።

«ይሄን?» አለ ባለቪዲዮው። «ይሄ እኮ የቢሮ ነው! አንዲት መብራት እንኳ የለውም...» ከዚያ አገላብጦ አየውና ድምፁ ተለወጠ። «የመጀመሪያ ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ይህ ነው። እናቴ ጋ ነው አሁን። አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም። እኔማ ስላስቀየመኝ ሳይሆን ስላላማረኝ ነው የቀየርኩት።»

እዚያው ሥራ ጀመሩ። ፓወር ሰፕላይ ከባለቪዲዮው ሱቅ መጣ፤ ብልሹው ለማስረጃ ተቀመጠ። የወንድምየውን ቃላት ከአሮጌው ዲስክ ቀዱ። ካርቶኑ ላይ አስተኝተው አሠሩት፤ ጎረምሳው እንደ ጋሼው በጣቱ እየዳሰሰ ሙቀቱን ይለካል። አለቃው በማግስቱ ደወለ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጮኸ።

«ማዘርቦርድ እስኪሞከር ነው የግድያ ምርመራ የቆመው?»

«አይቸኩሉ» አለችው መርማሪዋ፤ ስልኩንም ዘጋች። እንዲህ ያለ ደፋር መልስ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደንግጣ ስልኩን ለትንሽ ጊዜ አየችው።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሁሉም ከጀርባ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሸሪኩ በር አጠገብ፣ ባለቪዲዮው ቆሞ፣ ሚስትየው ባሏ ይቀመጥበት የነበረው ዱካ ላይ። አለቃው እጁን አጣምሮ ግድግዳውን ተደግፏል። ወንድምየው አዲሱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል፤ ሥዕሎቹ ተደርድረው ይጠብቁታል።

መርማሪዋ የቆዳውን ማሰሪያ ከከረጢት አወጣችው።

«ይህን ማሰሪያ ሁላችንም ተሳስተን ነው ያየነው» አለች። «ሬዚስተሯ ተቆርጣ ስለወጣች ‹የሙያው ሰው ሊገድለው ነው ያወጣት› አልን። እኔም አልኩ። ከዚያ ውስጡን ዳሰስኩት። እዩት፤ በስስ ቆዳ ተለብጧል፣ አንጓን እንዳይፍቅ። ጠርዙ በሰም ታሽቷል። ስፌቱ በሁለት መርፌ ነው። ሊገድለው ያሰበ ሰው ቆዳው እጁን እንዳይፍቀው ይጨነቃል?»

ሚስትየው ወደ ዋርሳዋ ዞረች። ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ቦርሳዎች በየቀኑ ስታያቸው ኖራለችና ማሰሪያውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም።

«ሬዚስተሯን ያወጣት ምን እንደሆነች ያላወቀ ሰው ነው» አለች መርማሪዋ። «የሚያውቅ ሰው ቢሆን ትቷት ሌላ ቦታ ተንኮሉን ይሠራ ነበር። ያላወቀ፣ ሥራው እንከን እንዲኖርበት የማይወድ፣ ሟቹን የሚወድ ሰው ነው። የቀረውን እኔ አልናገርም። የሠራው ሰው ራሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊነግረን እየጀመረ እየተቋረጠበት ነው።»

ወንድምየው ጣቱን አነሣ።

«እኔ» አለ የሟቹ ድምፅ። «ለወንድሜ። የእጅ። ማሰሪያ። ሠራሁ።»

ሁሉም ኮምፒውተሩን ያያል፤ አሁን ይቆማል፣ አሁን ይደርቃል ብሎ። አልቆመም።

«አሮጌ። ተቀደደ። ወንድሜ። ደስ ይለዋል።» ጣቱ ሥዕሎቹ መሐል ፈለገ፤ ቦርሳ ሠሪ የሚጠቀምባቸው ቃላት ያሉበት ጋ ደረሰ። «ክር። መሐል። ቋጠሮ። አስቀያሚ። ቆረጥኩ። ጣልኩ።»

የአሮጌው ማሰሪያ ሽቦ ላይ ያለችው ሬዚስተር ሥራውን የምታበላሽ ቋጠሮ መስላው ነበር። ሽቦውን መልሶ አገናኝቶ፣ ቀጥ አድርጎ፣ አሳምሮ ሰጠው።

ከዚያ ጣቱ አንድ ቃል ፈለገ። ገጽ ገለጠ፣ ሌላ ገለጠ። የፈለገውን ቃል ወንድሙ አልቀዳለትም። በመጨረሻ ያገኘውን ነካ።

«ወንድሜ» አለ ድምፁ። «ተኛ። እኔ። እኔ።»

ባለቪዲዮው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አለቃው የተጣመረ እጁን ፈታ። ከሁሉ ቀድሞ የተናገረው ግን ሸሪኩ ነበር። «አሳዛኝ ነው» አለ ግንባሩን እየጠረገ። «ምን ይደረጋል፣ ሳያውቅ ነው። እንግዲህ እኔም ነጻ ነኝ፤ ሁላችንም ወደ ቤታችን...»

«ቆይ» አለች መርማሪዋ። «ገና ነኝ። ሬዚስተር የሌለው ማሰሪያ ብቻውን ሰው አይገድልም። ዕድሜህን ሙሉ ብታስረው ምንም አትሆንም። መጀመሪያ የነካህ ብረት ኤሌክትሪክ መሆን አለበት። ብረቱ ለምን ኤሌክትሪክ ሆነ?» ፓወር ሰፕላዩን አንሥታ ወደ ታች ተደፍቶ የነበረውን ጎኑን አዞረችው። ጥጉ ተጨርምቷል።

ባለቪዲዮው ቀረበ። «የኔ ነው! እኔ የጣልኩት ነው። ነክሶኝ...»

«ብሎኑ ሥር ምን አለ?»

ጎረምሳው አጎነበሰ። ከብሎኑ ጭንቅላት ሥር የጥፍር ቁራጭ የምታህል ቀይ ፕላስተር ተቀርቅራለች። ዙሪያዋን አቧራ የያዘው የሙጫ ምልክት አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል።

«ጋሼ አትቸኩል ቀይ የለጠፈበትን ዕቃ መልሶ አይነካም» አለች። «ይህን የነካው ቀዩ ስለሌለ ነው። ተልጦ፣ አዲስ ካርቶን ውስጥ ገብቶ፣ ታሽጎ ስለተሰጠው ነው። መጋዘኑን የሚይዘው አንድ ሰው ነው። ‹አዲስ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ› ያለኝም እሱ ነው።»

ሸሪኩ ወደ በሩ አየ። በር ላይ የሚከለክለው ሰው አልነበረም፤ ግን አልሄደም። «ሞክሬው ነበር» አለ ድምፁ ደክሞ። «ሠርቶ ነበር እኮ። ነካሁት፣ አልነከሰኝም። ደህና ዕቃ ለምን ይጣላል አልኩ...»

«ለስንት ጊዜ ሞከርከው?»

«አበራሁት። በራ። አጠፋሁት።»

«ሽቦው የሚላላው ሲሞቅ ነው» አለች መርማሪዋ። «እሱ ቢሆን ለቀናት ያቆየው ነበር። ስትሰጠው ደግሞ ረስተኸው ይሆናል፤ ይህን ላምንህ እችላለሁ። ሲሞት ግን አስታውሰሃል። ፓወር ሰፕላዩን አይተኸዋል። ከዚያ እኔን ወደዚህ ልጅ ላክኸኝ፤ ይህ ሰው እጁን እስኪያብጥ ሲደበድብም አራት ቀን ቆመህ አየህ። አሁን ደግሞ ‹ሳያውቅ ነው፣ ወደ ቤታችን እንሂድ› አልክ። ልትሸከመው የሚገባህን እሱ ላይ ጭነህ ልትሄድ።»

ሸሪኩ አጎንብሶ አለቀሰ። ለምን እንዳለቀሰ እሱ ብቻ ያውቃል፤ ልቅሶው ግን የውሸት ላይሆን ይችላል። አለቃው ክንዱን ይዞ፣ ሳይገፋው፣ ይዞት ወጣ።

ሚስትየው እስካሁን ዱካው ላይ ነበረች። «አንድ ያልገባኝ አለ» አለች። «ባሌ እኮ ካርቶን አያምንም። አዲስም ቢሆን ሳይሞክር አይነካም ነበር። ለምን ዝም ብሎ ሰካው?»

መርማሪዋ ይህን ጥያቄ ብትሸሸው ደስ ባላት። «ከመሞቱ በፊት ባለው ቀን ወንድሙ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነገር ሊነግረው ጀምሮ ደርቆበታል። እያለቀሰ ነው የተኛው። ይህን ያየሽው አንቺ ነሽ፤ ትናንት ነግረሽኛል። ማዘርቦርዱን ለሳምንታት መርጧል፣ ሞክሯል። የቀረው ፓወር ሰፕላይ ብቻ ነበር። ሸሪኩን ‹ዛሬ እጨርሰዋለሁ› አለው።» ፊቷን ወደ ሚስትየው አዞረች። «ቸኮለ፣ እህቴ። በሕይወቱ አንድ ቀን ቸኮለ።»

ሐዘኑ ሚስትየው ላይ አሁን ደረሰ። ጮኻ አይደለም ያለቀሰችው፤ ቀስ እያለች፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ባለቪዲዮው አጠገቧ ተንበረከከ።

ወንድምየው ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ እሷ ሊሄድ ነበር፤ መንገድ ላይ ሐሳቡን ለወጠ። ተመልሶ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመ። ባበጠ እጁ አንድ ሥዕል ፈለገ። አግኝቶ ነካው።

«ይቅርታ» አለ የባሏ ድምፅ።

ድምፁ ማታ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ የሚላት ያው ነበር፤ ትንሽ የጎረነነ፣ ትንሽ ያፈረ። ወንድምየው እሷን እያየ ደግሞ ነካው።

«ይቅርታ።»

ሚስትየው ቀና አለች። ዋርሳዋንና ኮምፒውተሩን ተራ በተራ አየቻቸው። «ይቅር ብያለሁ» አለች፤ ለየትኛው እንደመለሰች መርማሪዋ አላወቀችም። «አንተም ይቅር በለኝ።»

ከዚያ ተነሥታ የወንድምየውን ያበጠ እጅ ያዘች። መርማሪዋ የቆዳውን ማሰሪያ ወደ ከረጢቱ መልሳ፣ ለመውጣት ስትሰናዳ፣ ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ። ሥዕሎቹ እንደበሩ ናቸው። የሚቀጥለውን ቃል እየጠበቀ፣ ትንሹ ማዘርቦርድ ሳይቆም ይሠራል።